«ኢነርጃይዝ» ማለት መሙላት ነው ወይስ ማገናኘት?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። «ኢነርጃይዝ»። አንድ ግስ ምን ያህል ያስወራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ከዓመታት በፊት አንድ የማሽን መመሪያ ተርጉሜ እስካፍር ድረስ።

መመሪያው የአንድ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ነበር። እንግሊዝኛው ሽፋኑ ሳይገጠም መሣሪያውን «ኢነርጃይዝ» አታድርጉ ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ማነቃቃት፣ ማበርታታት» ይላል። ደስ አለኝና «ሽፋኑ ሳይገጠም መሣሪያውን አያነቃቁ» ብዬ ጻፍኩ። ትርጉሙን እንዲያዩት የተሰጣቸው በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ከፍቶት ነው እንዴ የሚነቃቃው?»

«ምን ልበል ታዲያ ጋሼ?»

«ኃይል አትስጡት በል። ማብሪያውን አትንኩ በል። ሰው ይሞታል እኮ!»

ሳቁም ድንጋጤውም አብረውኝ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ግስ ባገኘሁት ቁጥር ቆም እላለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ቆም ብዬ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አነጋገሩ። እኛ «ኢነርጂ» ብለን በ«ኢ» እንጀምራለን። እነሱ ግን «ኤ» ነው የሚሉት። ጫናውም እዚያው መጀመሪያው ላይ ያርፋል። አሜሪካኖች በ«ዜድ» ይጽፉታል፤ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ በ«ኤስ»። ሁለቱም ትክክል ነው። እኔ እዚህ የለመድነውን «ኢነርጃይዝ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ፈተና ላይ አይደለንም።

ሥሩ ግሪክ ነው። «ኤርጎን» ሥራ ማለት ነው። «ኤን» ደግሞ እንደኛ «በ» ወይም «ውስጥ» ነው። ከእነዚህ «ኤነርጌያ» የሚለውን ቃል ያወጣው አርስቶትል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን። በቀጥታ ብንወስደው «በሥራ ላይ መሆን» ነው። አርስቶትል ፍቺ ከመስጠት ይልቅ ምሳሌ መደርደር መረጠ። ቤት መሥራት የሚችል ሰው አለ፤ አሁን እየሠራ ያለ ሰው አለ። ዓይኑን የጨፈነ አለ፤ የሚያይ አለ። የተኛ አለ፤ የነቃ አለ። ሁለተኛው ሁሉ «ኤነርጌያ» ነው አለ።

የነቃ! መዝገበ ቃላቱን ይቅርታ ልጠይቀው መሰለኝ። «ማነቃቃት» ሲል ያን ያህል አልተሳሳተም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው፤ ፓምፕ ላይ አመጣሁት።

ልብ በሉ፣ በአርስቶትል አነጋገር «ኤነርጌያ» በዕቃ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የተኛው ሰው ችሎታውን አልጣለም። ዓይኑን የጨፈነውም አልታወረም። የጎደለው ሥራ ላይ መሆን ብቻ ነው። ዛሬ ግን «ኢነርጂ» ስንል የሚሰፈር፣ የሚከማች፣ የሚያልቅ ነገር ነው የሚታየን። ይህን መልክ የሰጡት የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። ቃሉን ለዚህ ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነው። ለሕዝብ የሰጣቸውን ትምህርቶች በ1807 ሲያሳትም፣ የአንድ ነገር መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘውን «ኢነርጂ» ብንለው ይሻላል አለ። ዛሬ የዚያን ግማሽ ነው የምንወስደው፤ ቃሉ ግን እንዳለ ቀረ።

እንግዲህ ስሙ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሥራ ላይ መሆን፣ ሌላው የተከማቸ አቅም። «ኢነርጃይዝ» የሚለው ግስ የወረሰው የትኛውን ነው? እኔ የመጀመሪያውን ነው የወረሰው እላለሁ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለተኛውን ስለምናስብ ነው።

ወደ ማስረጃው ከመግባቴ በፊት ስለ ሰዋስው ትንሽ ልበል፤ አታዛጉ። እንግሊዝኛ «አይዝ» የሚለውን ጭራ ስም ወይም ቅጽል ላይ ቀጥሎ ግስ ያወጣል። «ሞደርን» ሲል «ሞደርናይዝ» ይሆናል፤ ዘመናዊ አደረገ። እኛ ይህንን ሥራ ለ«አ» ነው የሰጠነው። ነቃ፣ አነቃ። በረታ፣ አበረታ። ደከመ፣ አደከመ። እኛ ከፊት የምንለጥፈውን እነሱ ከኋላ ይለጥፉታል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሠራም፤ ይቅርታ ጠየቀ ለማለት «አፖሎጃይዝ» ይላሉ፣ ጭራው አለ፣ ተሳቢ ግን የለውም። ለ«ኢነርጃይዝ» ግን ልኩ ይህ ነው። ተሻጋሪ ግስ ነው። ሰጪ አለ፤ ተቀባይ አለ። ሰጪው ባለቤት ነው፤ ተቀባዩ ተሳቢ።

ስለዚህ «አይ ኢነርጃይዝድ» ብሎ ማቆም አያስኬድም። በጆሯቸው «አነቃቃሁ» ብሎ እንደማቆም ነው። ማንን? ምኑን? ይላሉ። «በረታሁ፣ ነቃ ነቃ አልኩ» ለማለት የፈለገ ሰው «አይ ፊል ኢነርጃይዝድ» ነው የሚለው። ትላልቅ መዝገበ ቃላት ያለ ተሳቢ የሚነገር አጠቃቀምም ይመዘግባሉ። በዘመኑ ንግግር ግን ብዙም አይሰማም፤ ተማሪ ባይሞክረው ይሻላል።

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። እንግሊዝኛ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ሁሉ ይሳሳታሉ። በኋላ የራሳችንን ድብልቅ አነጋገር ስሰማ ነቃሁ። እኛ የእንግሊዝኛ ግስ ስንዋስ ብቻውን አንወስደውም። ሞግዚት እንቀጥርለታለን። «ሪፍሬሽ ሆንኩ» እንላለን። «ቻርጅ አደረግኩት»፣ «ሪላክስ አድርግ» እንላለን። ሰጪና ተቀባይ የመለየቱን ሥራ የሚሠሩት «ሆነ» እና «አደረገ» ናቸው። የእንግሊዝኛው ቃል ዝም ብሎ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ልናወራ ስንነሳ ሞግዚቱ ቤት ይቀራል። «ኢነርጃይዝ ሆንኩ» ከሚለው «ሆንኩ» ሲወድቅ የሚተርፈው «አይ ኢነርጃይዝድ» ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በአማርኛ አሳባችሁ ውስጥ «ሆንኩ» ካለ፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ «ፊል» ወይም «አም» ይኑር። «አደረገኝ» ካለ፣ ባለቤቱን አምጡት፤ «ዘ ሙዚክ ኢነርጃይዝድ ሚ»፣ ሙዚቃው ነው ያነቃቃኝ።

ከዚሁ ጋር ሦስት ቅጽሎችን ለዩ። «ኢነርጀቲክ» የሆነ ሰው ጉልበቱ የራሱ ነው፤ ዓመሉ ነው። «ኢነርጃይዝድ» የሆነው ከሌላ ያገኘ ነው፤ ነገ ላይኖረው ይችላል። «ኢነርጃይዚንግ» የሆነው ሰጪው ነው። ንግግሬ «ኢነርጃይዚንግ» ከሆነ እናንተ «ኢነርጃይዝድ» ትሆናላችሁ። ካልሆነ ግን «ኢነርጀቲክ» የሆናችሁት ብቻ እስከ መጨረሻው ትቆያላችሁ። (ሳቅ)

አሁን ወደ ሽቦው። የቃሉ ትርጉም በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

ምንም ነገር ያልተሰካበት ሶኬት አስቡ። ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከእርሱ የሚወጣ፣ ቆጣሪ ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። 10 ዋት የሚወስድ አምፖል ሰክታችሁ 100 ሰዓት ብታበሩ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ባዶው ሶኬት ግን ዓመት ቢቀመጥ ከዚያ አንዲት ስባሪ አይቆጥርም። በኤሌክትሪክ ሰዎች ቋንቋ ግን ያ ሶኬት «ኢነርጃይዝድ» ነው። ለምን? ከምንጩ ጋር ተገናኝቷል። ቮልቴጅ አለው። የነካው ይያዛል። ጉልበት ውስጡ የለም፤ ግን በማንኛውም ቅጽበት በእርሱ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ሪሌይ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ። ብረት ላይ የተጠመጠመ ኮይል፣ የሽቦ ጥቅል፣ አለ። ኮይሉ «ኢነርጃይዝ» ሲደረግ ማግኔት ይሆናል፤ ትንሿን ምላስ ይስባታል፤ ሌላ መስመር ይዘጋል ወይም ይከፈታል። ኃይሉ ሲቋረጥ ማግኔቱ ይጠፋል፤ ስፕሪንጓ ምላሷን ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች። ኮይሉ ለነገ ያስቀመጠው ነገር የለም። ሲገናኝ ይሠራል፤ ሲለይ ይተኛል። አርስቶትል ይህንን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ተቃራኒው «ዲኢነርጃይዝ» ነው። ከምንጩ መለየት። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። መስመሩን አጠፋን ማለት ማሽኑ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ውስጡ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ካለ፣ ከተለየ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የተወጠረ ስፕሪንግ፣ ታምቆ የቀረ አየርም እንደዚሁ። ለዚህ ነው በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ1989 ያወጣው ደንብ «አጥፉ» ብቻ ብሎ የማይቆመው። አጥፉ፣ ከምንጩ ለዩ፣ በጓጉንቸር ቆልፉና ምልክት አንጠልጥሉ፣ የተጠራቀመውን አስወጡ፣ ከዚያ መለየቱን አረጋግጡ ይላል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ታያላችሁ? መለየት አንድ ነው፤ ማስወጣት ሌላ ነው። «ኢነርጃይዝ» የሚለው ግስ ጉዳይ የመጀመሪያው ነው። የተጠራቀመው የ«ቻርጅ» ጉዳይ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው። «ኢነርጃይዝ» ማገናኘት ነው፤ «ቻርጅ» መሙላት ነው።

ስለ «ቻርጅ» ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ስለምወደው ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ጋሪ መጫን ማለት ነው። ጋሪ ጫኑ፣ ጠመንጃ አጎረሱ፣ ሰው ላይ ኃላፊነት ጣሉ፣ ክስ መሠረቱ፣ ሒሳብ ጠየቁ፤ ሁሉንም «ቻርጅ» አሉት። ሁሉም አንድ ነገር ላይ ሌላ ነገር መጫን ነው። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፍ ይህንኑ ቃል ተጠቀመ። ቻርጅ እንዲይዙ ተደርድረው የተያያዙ ብርጭቆዎችን ደግሞ «ባትሪ» አላቸው፤ የመድፎች ረድፍ መጠሪያ የነበረ ቃል ነው። የሚገርመው እኛ ዘንድ ጭነት የሚያደክም ነገር መሆኑ ነው። «ድካም ተጫነኝ»፣ «እንቅልፍ ተጫነኝ» እንላለን። እነሱ ሲጫኑ ይበረታሉ፤ እኛ ስንጫን እንተኛለን። ስለዚህ «ቻርጅ አደረግኩ» ስንል «ጫንኩ» አንልም፤ «ሞላሁ» ነው የምንለው። ጥሩ ምርጫ ነው።

ግን እሱም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። መልሶ የሚሞላውን የእርሳስና አሲድ ባትሪ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ በ1859። ይህ ዓይነት ባትሪ ሲሞላ ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ አይጠራቀምም። በአንዱ ጫፍ የገባ ያህል ኤሌክትሮን በሌላው ይወጣል። የሚለወጠው ኬሚስትሪው ነው። ባትሪው ሲሠራ ሁለቱም ሰሌዳዎች ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ። ሲሞላ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ አንዱ ወደ እርሳስ፣ ሌላው ወደ እርሳስ ዳይኦክሳይድ። «ሪቻርጅ» ላይ ያለችው «ሪ» የምትለው ያንን ነው። መመለስ። ወደ ነበረበት።

ይህን የያዘ ሰው ስለ ሰው ሲወራ አይሳሳትም። «አይ ኒድ ቱ ሪቻርጅ» የሚል ሰው የሚፈልገው መመለስ ነው። ተሟጧል። እንቅልፍ፣ ዝምታ፣ እረፍት ይፈልጋል። የሚመለሰው እስከ ሙሉው ድረስ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። «ኢነርጃይዝድ» ነኝ የሚል ሰው ግን የግድ አላረፈም። እንዲያውም ደክሞት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ወሬ ሰማ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ሰማ፣ ከሚግባባው ሰው ጋር ተገናኘ። ከአንድ ምንጭ ጋር ተያያዘ። ምንጩ ሲሄድ ኮይሉ ይተኛል። ምናልባት ከሞቅ ያለ ስብሰባ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ወለል ላይ የተዘረጋ ሰው ታውቃላችሁ። ያ ሰው አልዋሸም። «ኢነርጃይዝድ» ነበር፤ «ሪቻርጅድ» ግን አልነበረም።

ካፌይንም እዚህ ጋ ይገባል። «ኃይል ሰጪ» የተባለ መጠጥ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳው በተለምዶ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ይይዛል። ስኳሩ ካሎሪ ይሰጣል፤ እሺ። ካፌይኑ ግን ጉልበት አይሰጥም። ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እርሱ ነው «ደክሞሃል» የሚለን። ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይቀመጥበታል። መልእክቱ አይደርስም። ድካሙ ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ካፌይን ኢነርጃይዝ ያደርጋል» ቢባል አልቃወምም። «ሪቻርጅ ያደርጋል» ካለ ግን ሻጭ ነው።

ሻጭ ካልኩ፣ «ኢነርጃይዘር» የሚባለውን የባትሪ ስም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ተጠቅሞ የሚጥለውን ዓይነት ነው። እንደገና የሚሞላም ይሸጣሉ። ስሙ ግን ከዛሬው ወሬያችን ጋር ይገጥማል፤ ባትሪው ለአሻንጉሊቱ ምንጭ ነው፣ አሻንጉሊቱ «ኢነርጃይዝድ» ነው።

ስለ ጎረቤት ግሶች በፍጥነት ልለፍ። «ኢንቪጎሬት» ቀዝቃዛ አየር፣ ፈጣን እርምጃ፣ ገላ መታጠብ የሚሰጠው ነው፤ ሰውነት ላይ የሚሰማ፣ ትንሽ የመጽሐፍ ሽታ ያለው ቃል። «ፐርክ አፕ» የቤት ቃል ነው፤ ነቃ አለ፣ ፊቱ ፈካ። ተቀባይ ሳይፈልግ ለብቻው ይቆማል፤ «ሺ ፐርክት አፕ» ብሎ መጨረስ ይቻላል። «ሞቲቬት» ምክንያት መስጠት ነው። «ኢምፓወር» ጉልበት አይደለም፤ ሥልጣንና አቅም ነው፤ እኛ «ማብቃት» የምንለው። ይህችን አታምታቱ። ሠራተኞቹን «ኢነርጃይዝ» ያደረገ አለቃ አጨብጭበውለት ይሆናል፤ ውሳኔው ግን አሁንም በእጁ ነው።

በአሜሪካ ፖለቲካ ደግሞ መሠረቱን «ኢነርጃይዝ» ማድረግ የሚባል ነገር አለ። መሠረቱ ማለት ቀድሞውኑ ደጋፊ የሆነው ሕዝብ ነው። አሳቡን ለማስቀየር አይደለም፤ ሄዶ እንዲመርጥ ነው። ሽቦው አለ፤ ማብሪያው ነው የቀረው። ፓምፑን ያዩት ጋሼ ይህንን ያለ መዝገበ ቃላት ይገባቸው ነበር።

ጥያቄ ልቀበል።

አንዲት እህት እጇን አወጣች። «እሺ፣ በአማርኛ አንድ ቃል ስጠን» አለች።

አንድ አልሰጥሽም። ተቀባዩን ንገሪኝ። መስመር ወይም ማሽን ከሆነ «ኃይል ሰጠ»፣ ወይም «ኃይል አገኘ»። ሰው ከሆነ «አነቃቃ»፣ «ወኔ ሰጠ»፤ ራሱ ሲናገር «ነቃ ነቃ አልኩ»። ሕዝብ ወይም ቡድን ከሆነ «አነሳሳ»። ኢኮኖሚ ከሆነ «አነቃቃ» ያስኬዳል። «ኃይል» የሚለውን ለሁሉም አታድርጊው። በዕለት ንግግራችን እንግሊዝኛ «ፎርስ»፣ «ፓወር»፣ «ኢነርጂ» ብሎ የሚለያቸውን ሦስቱንም ተሸክሟል፤ እሱ ራሱ ደክሞታል።

ከኋላ አንድ ወጣት ደግሞ «ተቃራኒውስ? ሲደክመኝ ዲኢነርጃይዝድ ነኝ እላለሁ?» ሲል ጠየቀ።

አይባልም። ብትል ይገባቸዋል፤ ግን እንደ ቆጣሪ ነው የሚያዩህ። ያ ለመስመር ነው። ሰው «ድሬይንድ» ይላል፤ ፍሳሹ ወጥቶ አለቀ። ወይም «ኤግዞስትድ»፤ እርሱም በላቲን ሥሩ ውኃ መቅዳት ነው፣ ተቀድቶ ያለቀ ጉድጓድ ማለት ነው። አየህ፣ ሲበረቱ በሽቦ ይናገራሉ፤ ሲደክሙ በውኃ። አንተ ግን በአማርኛ «ሙጥጥ አልኩ» በል። ውኃው እዚያም አለ።